የእሑድ አንሶላ

ኢሽቤል በዕድሜዋ ብዙ ተብላለች። ምላሰኛ ተብላለች፣ ኩሩ ተብላለች፣ ባል የማይበረክትላት ተብላለች። ቆሻሻ ግን ተብላ አታውቅም። በዚህ ደሴት ሴትን ሌባ ብለው ቢሰድቧት ይሻላል። ሌባ ንስሐ ትገባለች፤ ቤቷ ቆሻሻ ነው የተባለች ሴት ግን ውሃ ቢፈስባት አይለቃትም።

ይህን ስም የሰጣት ቶርሞድ ነው። ቶርሞድ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሲጸልይ ሁለቱንም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቤት ሲያከራይ ሁለቱንም ይከፍታል። ኢሽቤልና እናቷ እማማ ማርሳሊ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ያለውን ቤቱን ለዓመታት ተከራይተው ኖረዋል። አሮጊቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው የአካባቢው አስተዳደር ደረጃ የሌለው ቤት ሰጣቸውና ለቀቁ። ኢሽቤል ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ምድጃውን ፈታትታ በጥርስ ብሩሽ ነው የፈገፈገችው። ሲገቡ ያስያዘችውን ገንዘብ ልትጠይቅ ሱቅ ውስጥ ስታገኘው፣ ሴቶቹ ዳቦ ይዘው በተሰለፉበት፣ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም።

«እሱማ ለጽዳት ዋለ» አላት።

«የምን ጽዳት?»

«ምን ልበልሽ፣ ኢሽቤል። ያ ቤት የሰው ቤት አይመስልም ነበር። ሰው ቀጥሬ ነው ያስጠረግኩት።»

ሴቶቹ ዳቧቸውን ማየት ጀመሩ። ኢሽቤል የገዛችውን ወተት ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች። እስከ ማታ ወሬው መንደሩን ዞሮ ተመልሶ እሷው በር ላይ ቆመ።

እውነተኛውን ምክንያት ሁለቱም ያውቁታል። ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ኢሽቤል ሁለት አንሶላ ገመድ ላይ አስጥታ ነበር። በዚህ መንደር በሰንበት ገመድ ላይ ካልሲ እንኳ አይውልም። ምእመናኑ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ የሽማግሌው የቶርሞድ ግቢ ውስጥ ሁለት ነጭ አንሶላ ንፋሱ ላይ ሲጨፍር አገኙት። ቶርሞድ ያን ቀን ቆሞ አየና አለፈ። ሒሳቡን ያወራረደው ቤቱን ሲለቁ ነው።

አንሶላው የእማማ ማርሳሊ ነበር። እግራቸው ብቻ ሳይሆን ፊኛቸውም ከድቷቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ ማድረቂያ ማሽኑ ከገና ጀምሮ ተበላሽቷል፣ ቶርሞድም ዛሬ ነገ እያለ አላሠራውም። ደረቅ አንሶላ ሲያልቅና ያ እሑድ ፀሐይ ሲወጣ ኢሽቤል አላመነታችም። አሮጊቷ ግን እጇን ይዘው አስምለዋታል። «ለሰው እንዳትናገሪ። ሞቼም እንዳትናገሪ።» በጉብዝናቸው ዘመን የመንደሩ ሴቶች የልብስ አስተጣጠብ የሚማሩት ከእሳቸው ነበር። ስለዚህ ኢሽቤል ስትጠየቅ «ፀሐይ ስላየሁ ነው» እያለች ትከሻዋን ነቀነቀች። መንደሩም ይቺ ሴት እግዜርን አትፈራም አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኢሽቤል ከተማ ወርዳ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ገባች። እዚያ ያለችው ልጅ ያከራየሽ ሰው ማስያዣውን የት ነው ያስቀመጠው ብላ ጠየቀቻት።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ውስጥ። አባቱም እዚያው ነበር የሚያስቀምጠው።»

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አከራይ ማስያዣን ሕግ ለሚያውቀው ጠባቂ ድርጅት ካላስረከበ፣ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል እንደሚችል ነገረቻት። ኢሽቤል ስለ እጥፉ ብዙም አልሞቃት። የጠየቀችው ሌላ ነው።

«እጁን አንሥቶ ይምላል?»

«ዳኛዋ ከፈለገች፣ አዎ። ግን ጉዳዩ በስልክ ነው የሚታየው።»

«በስልክ አይሆንም። እኛ ጋ ስልክ አይሰማም። መንደሩ አዳራሽ ይሁንልኝ።»

ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኢሽቤል ግን የቶርሞድን ዓይነት ሰው ከአጥንቱ ታውቀዋለች። የዚህ ደሴት ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ ይዋሻል፣ የበግ ገበያ ላይ ይዋሻል፤ በእግዚአብሔር ስም እጁን አንሥቶ ግን አይዋሽም። ያን እጅ ተነሥቶ ማየት ነበር የፈለገችው፣ መንደሩ ሁሉ እያየ።

ቀኑ ሲቃረብ የቶርሞድ ሚስት ዶሊና ፖስታ ይዛ መጣች። ገንዘቡ ሙሉው ነው፣ ከነጭማሪው። ኢሽቤል ፖስታውን አልነካችውም።

«እባክሽ የኔ እህት» አለች ዶሊና። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«እኔ መች ልጸልይ ነው አልኩ?»

«ሦስት እጥፍም ከሆነ ይከፍልሻል። ሕዝብ ፊት ብቻ አታቁሚው። ከሽማግሌነቱ ያወርዱታል እኮ!»

«እኔንስ ከሰው ተራ አላወረደኝም? ይማልና ቆሻሻ ነበር ይበል። ካለ አንድ ሳንቲም አልፈልግም፣ ፖስታሽ ላይ እኔው ራሴ ገንዘብ እጨምርበታለሁ።»

ዶሊና እያለቀሰች ወጣች። ኢሽቤል ማዘን ነበረባት፤ አላዘነችም። እንዲያውም ያን ቀን ድንቹንና የጨው ዓሣውን ሁለት ጊዜ አነሣች። ጠላትህ በር ላይ ሲለምን ምግብ ይጣፍጣል፤ አይጣፍጥም የሚል ካለ ጠላት ኖሮት አያውቅም።

በችሎቱ ቀን እማማ ማርሳሊ እኔም እሄዳለሁ አሉ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቶርሞድ ሲወድቅ ላየው።»

ኢሽቤል በተሽከርካሪ ወንበራቸው ገፍታ ወሰደቻቸው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳኛዋ ከባሕሩ ማዶ የመጣች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። የማስያዣውን ነገር ቶሎ ጨረሰችው፤ ቶርሞድ ቆርቆሮውን አልካደም። ከዚያ ተነሥቶ እንዲምል ጠየቀችው። ማለና፣ እጁን ሳያወርድ ጥያቄው መጣ።

«ሲለቁ ቤቱ ቆሻሻ ነበር?»

ቶርሞድ ጣራውን አየ። ወለሉን አየ።

«ንጹሕ ነበር» አለ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለች ዳኛዋ።

«ንጹሕ ነበር አልኩ! ከኔ ቤት ይልቅ ንጹሕ ነበር።»

ዶሊና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኢሽቤል ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ሞቃት። የሱቁን ባለቤት አየች፣ ዳቦ ይዘው የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ አየች፤ ዓይኗን የተቋቋመ አልነበረም። እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር። ግን የተጠቃ ሰው ዝም ብሎ አይወድቅም።

«እኔም የምጠይቀው አለኝ» አለ ቶርሞድ። «እኔ ምያለሁ፣ እሷም ትማል።»

ኢሽቤል ማለች። ምን ትፈራለች?

«ሰንበት መሆኑን እያወቅሽ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በሚያልፍበት መንገድ፣ ያን አንሶላ ለምን አሰጣሽ?»

አዳራሹ አንገቱን አሰገገ። ኢሽቤል ገና እዚህ ላይ ነው የገባት፤ ለቶርሞድ ብላ በቆፈረችው ጉድጓድ ጫፍ ላይ እሷም ቆማለች። ብትናገር ቶርሞድ ዱቄት ይሆናል። ባትናገር ሰው ሁሉ፣ ዋሽቷል፣ ቢሆንም ስለ እግዚአብሔር ብሎ ነው እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ደግሞም ጣፋጭ ነበር። ወደ እናቷ አላየችም፤ ካየች ቃሉ ከአፏ እንደሚያመልጣት ታውቋታል።

«አልመልስም» አለች።

ጉርምርምታ ተነሣ። ቶርሞድ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ይኸው አያችሁ!» አለ። «ሌላ ምን ይባላል?»

ያን ጊዜ እማማ ማርሳሊ በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

«እናቴ፣ እርስዎ ምስክር አይደሉም» አለች ዳኛዋ።

«ልሆን ነዋ። አንሶላው የኔ ነው። ሽንቴ አምልጦኝ ነው ያጠበችው።»

የሳቀ የለም። ኢሽቤል «እማ፣ ተይ» አለች፤ አሮጊቷ ግን ከዘራቸውን ወደ ቶርሞድ ቀስረዋል።

«አንተ የፔጊ ልጅ! እናትህ አልጋ ይዛ በሞተችበት ክረምት፣ አንተ መርከብ ላይ ሳለህ፣ አንሶላዋን ማን ያጠበው ይመስልሃል? እኔ ነኝ። እሑድ እሑድም አጥቤያለሁ። ሰው እንዳያይባት እቤቴ ወስጄ እሳት ዳር ነበር የማደርቀው። ለልጄ እንዳትነግሪብኝ አለችኝ፣ እስከ ዛሬ ጥርሴን ነክሼ ይዤልሃለሁ። የእናትህን ደበቅኩልህ፤ የኔን አስከፈልከኝ።»

ቶርሞድ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ዳኛዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ሦስት እጥፍ ፈረደች፤ ማንም አልሰማትም።

ሰው ሲወጣ ቶርሞድ በሩ ላይ ቆቡን በእጁ ይዞ ጠበቃቸው። ፊቱ እንደ ሕፃን ረጥቧል።

«እማማ ማርሳሊ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?»

«መች ጠየቅከኝ? እሷንስ መች ጠየቅካት?»

እጁን ዘረጋላቸው። ኢሽቤል እናቷ እስኪጨብጡት ጠበቀች፤ ከሰው ሁሉ ፊት የተዘረጋ የሽማግሌ እጅ ነው። እማማ ማርሳሊ የእግራቸውን ብርድ ልብስ አስተካከሉ።

«ወንበሩን ግፊው እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «በረደኝ።»

ኢሽቤል ገፋችው።