ከጥቁሩ ግንብ ሥር የነበረው አትክልተኛ

ኩኒኤ አገር ማየት የጀመረችው ስልሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። በጃፓን፣ ቶያማ ከተማ ያሉ ጎረቤቶቿ ቀኑባት። ካናዛዋ ሄደች፣ ሂኮኔ ሄደች፣ ሂሜጂ ሄደች ተባለ። የጥንት መሳፍንት ግንብና የአትክልት ስፍራ አልቀራትም። ከሂሜጂ ስትመለስ የግንቡ ጣሪያ ምን እንደሚመስል ብትጠየቅ ግን መልስ የላትም። የምታየው ዛፍ ላይ የወጡትን፣ ሣር የሚያጭዱትን፣ ጠጠር የሚያስተካክሉትን ሰዎች ፊት ብቻ ነበር።

የምትፈልገው ልጇን ነው። ናሪያኪ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲሰናበት ለማንም ሳይናገር፣ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ ሲወጣ ከረመ። አባቱ ሾዞ ሲደርስበት፣ በእራት ሰዓት፣ "ሰው ፊት አዋረድከኝ፤ ዓይንህን እንዳላይ" አለው። ኩኒኤ ሾርባ እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን አላቆመችም። በማግስቱ ልጁ ምሳውን ይዞ እንደ ልማዱ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ፖሊሶቹ አዋቂ ሰው በፈቃዱ ከሄደ ምን እናድርግ አሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የጎረቤት ልጅ ከጉብኝት ተመልሳ፣ ከአንድ ግንብ ሥር ባለ የአትክልት ስፍራ ጥድ የሚገርዝ ቁርጥ ናሪያኪን የመሰለ ሰው ማየቷን ነገረቻት። የትኛው ግንብ እንደሆነ ግን ጠፋት፤ አውቶቡሱ በሁለት ቀን ስንቱን አዙሯቸዋል። ሾዞ "እንደ ሞተ ቁጠሪው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ስለዚህ ኩኒኤን ተከትላ የምትዞረው የሾዞ ታላቅ እህት ቶኪኮ ሆነች፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ ሴት።

በኅዳር ኦካያማ ከተማ ካለው የአትክልት ስፍራ ደረሱ። አትክልተኞቹ ለሚመጣው የብርድ ወራት የጥዶቹን ግንድ በጭድ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ነበር። ከወንዙ ማዶ ጥቁሩ ግንብ ቆሟል። ቶኪኮ ጉልበቷን ይዛ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች።

"አንቺ፣ እግሬ ሳያልቅ አንዱን ግንብ እንኳ ውስጡን አሳዪኝ" አለች። "ዘላለም ከውጭ ከውጭ።"

ኩኒኤ ብቻዋን ኩሬውን ዞረች። ከአንድ ጥድ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ የተንበረከከ ሰው ገመድ ያጠብቃል፤ እንደ ልጇ በግራ እጁ። ማጅራቱን አየችና ቆመች። ሰውየው ዞረ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። አያት። ገመዱ ከእጁ አመለጠ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

ልትጠራው አሰበች፤ ግን ብጮህ ይሮጣል ብላ ፈራች። መዝጊያ ሰዓት መድረሱን የሚናገረው ዜማ ከድምፅ ማጉያው ተሰማ። ናሪያኪ ቆቡን አውልቆ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት።

"ሊዘጋ ነው። መውጫው በድልድዩ በኩል ነው" አለ። "ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ድንጋዩ ያንሸራትትዎታል።"

አንቺ እያለ ያደገ ልጅ አንቱ አላት።

"ነገም ክፍት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"በየቀኑ ክፍት ነው።"

"ነገም እዚሁ ትሠራላችሁ?"

ጥዱን ተመለከተ። "ገና ብዙ ዛፍ ይቀራል" አለ።

ወጣች። ቶኪኮ ስትሰማ እጁን ይዘሽ አትጮሂም ነበር ወይ ብላ ተቆጣቻት። ኩኒኤ እራት አልቀመሰችም። ነገ የምትለውን ቃል በሆዷ ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ አደረች። ያን ማታ ስትቀዳው ከነበረው ሾርባ በቀር ምንም አልመጣላትም።

በሩ ሲከፈት ቀድማ ገባች። ጥዱ እንደ ትናንቱ ግማሹ ታስሮ፣ ግማሹ ሳይታሰር ቆሟል። የአትክልተኞቹ አለቃ፣ ኦኩዳ የሚባል ሽማግሌ፣ ናሪያኪ የሚባል ሰው እንደማያውቅ ነገራት። ግራኙን ሂራኖ እንለዋለን፤ ትናንት ማታ መሣሪያውን አጥቦ፣ በቦታው አስቀምጦ ሄደ አለ።

"እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ከየት መጣህ አንልም" አለ። "የሚያውቃቸው ሰው ካያቸው ግን አያድሩም።"

ይህን ብሎ ፊቷን አየና ዓይኑን ሰበረ። ኩኒኤ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። ልጄን አባቱ አንዴ፣ እኔ ሁለቴ አባረርነው አለች በልቧ። ጎብኚዎች ፎቶ ለማንሳት ዞር እንድትልላቸው በትህትና ጠየቋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። በኋላ አለቃውን በዚህ ወቅት ስማቸውን የማይናገሩ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ እንዲነግራት ለመነችው። ሽማግሌው፣ በማትሱያማ ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ግንብ፣ ከአዲስ ዓመት በፊት የጥድ ሥራ እንደማይጠፋ ነገራት።

"አግኝተሽው ደግሞ ቢሸሽስ?" አለች ቶኪኮ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ። "ልጁን ከግንብ ግንብ ልታሳድጂው ነው?"

"ካየኝ ነው የሚሸሸው። ሳያየኝ አየዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

ጣቢያው ሲደርሱ ኩኒኤ ወደ ማትሱያማ ሁለት ቲኬት ቆረጠች። ቶኪኮ ከጣቢያው ወንድሟ ዘንድ ደውላ ሁሉንም ነገረችው። ሾዞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ልጁ ወፍራም ልብስ ለብሶ እንደሆነ ጠየቀ። ቶኪኮ ጥያቄውን ለኩኒኤ አቀበለቻት። ኩኒኤ ልታስታውስ ሞከረች፤ ካፖርት ይሁን፣ ሸሚዝ ይሁን፣ ምንም አልመጣላትም። ባቡሩ ሲገባ ገና እያሰበች ነበር።