ኮሮላው ወልቂጤ የዋለበት ቀን

ሃሊማን የልብ ሕመም ከያዛት ወዲህ ባሏ ሀቢቡ በቅጡ ተኝቶ አያውቅም። ከጎኗ ጋደም ብሎ ትንፋሿን ያዳምጣል። ረዘም ሲል ይሰጋል፣ አጠር ሲልም ይሰጋል። ቡታጅራ ገበያ ላይ በርበሬ የሚነግድ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሰሞኑን ግን ደንበኞቹ ሲያናግሩት እንኳ ጆሮው ያለው ቤቱ ነው።

እንዲህ ያደረገው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ አንድ ማለዳ የደረሰባቸው ነገር ነበር። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሃሊማን ትንፋሽ አጠራት። አቅፎ አወጣትና አሮጌው ኮሮላ ውስጥ አስቀመጣት። መኪናው የማለዳ ብርድ አይወድም። ቁልፉን ሲያዞረው ያጓራል፣ ያስላል፣ ጸጥ ይላል። ደግሞ ሲያዞረው ያው ነው። ሃሊማ እጅጌውን ጨምድዳ ይዛ አየር ፍለጋ አፏን ትከፍታለች፤ እሱ መሪውን ይደበድባል። በስንት መከራ ሞተሩ ተነስቶ ሆስፒታል ደረሱ፤ ኦክስጅን ተሰጣትና ተረፈች። ሀቢቡ ግን ያቺን ጭንቅ ሊረሳት አልቻለም። ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ መኪና የሚነዳ የለም። ልጃቸው ሩፋይዳ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀድሞ ወጥቶ ሞተሩን እንዳያሞቅ ደግሞ ሃሊማን በዚያ ሁኔታ ጥሎ መውጣት አይሆንለትም።

ለንግድ ወልቂጤ በሄደበት ቀን መፍትሔ ያገኘ መሰለው። ምሳ የበላበት ሆቴል በር ላይ የቆመ ፒክአፕ፣ ውስጡ ማንም ሳይኖር፣ ሞተሩ በራሱ ተነሳ። ባለቤቱ ገና እጁን እየታጠበ ነበር። ሀቢቡ ጠጋ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው በእጁ የያዛትን ትንሽ ሪሞት አሳየውና፣ የገጠመለትን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ብርሃኑን፣ ጋራዡ ድረስ ወስዶ አገናኘው።

ብርሃኑ ኮሮላውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል» አለ። «ደግሞም ባለ ማርሽ ነው። ማርሽ ውስጥ እንደገባ አቁመውት ከቤት ሆነው ሪሞቱን ቢጫኑ፣ ዘሎ ፊቱ ያገኘውን ይመታል።»

«ማርሹን አውጥቼ ፎሌ ላይ ባቆመውስ?»

«ካልረሱት ጥሩ ነው።»

ሁለት ዓይነት እንዳለ ነገረው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ከቁልፉ ሽቦ ጋር ይቀጠላል፣ ምሳ በልተው እስኪመለሱ ይደርሳል። ሁለተኛው ከማርሹና ከእጅ ፍሬኑ ጋር ይያያዛል፤ ማርሽ ከገባ ወይም ፍሬኑ ካልተያዘ መኪናው እንቢ ይላል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ሀቢቡ አሰበ። ግቢው የጎረቤት ልጆች መጫወቻ ነው፤ ድብብቆሽ ሲጫወቱ መኪናው ሥር ይገባሉ። ሰው ሲጨንቀው ደግሞ ይረሳል።

«ሁለተኛው ይሁንልኝ» አለ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት ስለነበረበት ለሐሙስ ተቀጣጠሩ። ረቡዕ እራት ከተበላ በኋላ ለሃሊማ ነገራት።

«ከአልጋው ሳልነሳ እጫነዋለሁ። አንቺን ደግፌ እስካወጣሽ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀናል።»

ሃሊማ ፈገግ አለች። ቀጥላም፣ «ነገ ባትሄድስ?» አለችው።

«አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። እንዲሁ አብረን ብንውል ብዬ ነው።»

«ለከሰዓቱ የአስር ሶላት እመለሳለሁ ኢንሻአላህ። ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድም።»

አልተከራከረችውም። በማግስቱ ሲወጣ የተኛች መስሎት አልቀሰቀሳትም።

ብርሃኑ ዳሽቦርዱን ሲፈታው ሥራው ካሰበው በላይ ሆነ። ያረጀው የሽቦ ልባስ ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። «በዚህ ላይ ብገጥመው መኪናዎን አቃጥለዋለሁ» አለና አንድ በአንድ ይቀይር ጀመር። ሀቢቡ ባትሪ እያበራለት አጠገቡ ቁጭ አለ። ከስንት ወር በኋላ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። ስለ ሃሊማ ያወራለታል፤ ለዒድ ወደ ጥያ ሲሄዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ለነፋሱ እንደምትሰጥ፣ እሱ ሲቆጣት እንደምትስቅበት። ብርሃኑም እየሰማ ይስቃል።

የቀትሩ ዙህር ሶላት እንዳለፈ ስልኩ ጮኸ። ሩፋይዳ ናት።

«አባ፣ እማ ትንፋሽ አጥሯታል። መቼ ትደርሳለህ?»

«አጎትሽን ጥሪው፣ ከድሮን። ባጃጁን ይዞ ይምጣ።»

«ደውዬለታለሁ። ሰው ሊያደርስ ገጠር ወጥቷል፤ እየተመለሰ ነው። ጎረቤቶችም ሌላ ባጃጅ እየፈለጉ ነው።»

«መጣሁ በያት። እየመጣ ነው በያት።»

ዞር ሲል ኮሮላው ወንበሩ ወልቆ፣ ዳሽቦርዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፎ ቆሟል። ብርሃኑ ነገሩ ስለገባው ምንም ሳይጠይቅ እጁን ሽቦው ውስጥ ከትቶ ነበር። «ሪሞቱን ልተወው። ቁልፉን ብቻ ላገናኝልዎት» አለ። ሀቢቡ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ወደ ቡታጅራ የሚሄደው መኪና ጠዋት ወጥቷል፤ ላገኘው አሽከርካሪ ሁሉ እጁን ዘረጋ፣ በዚያ በኩል የሚሄድ ጠፋ። ተመልሶ መጥቶ ብርሃኑ ራስጌ ቆመ። መቆምም መቀመጥም አቃተው።

ሽቦው ተገናኝቶ ወንበሩ እንደተመለሰ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

ተራራውን የሚያቋርጠው ጠጠር መንገድ ያን ዕለት አላልቅ አለው። ኔትወርክም የለም። ብቻውን እየነዳ ጮክ ብሎ ያናግራታል። «ሃሊማ፣ ደረስኩ። ሃሊማ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።» ወደ ቡታጅራ ሲወርድ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። አላነሳውም። ሰፈሩ ሲደርስ የከድሮ ባጃጅ በሩ ላይ ቆማለች። የሃሊማ ታናሽ ወንድም መሪውን እንደያዘ ውስጧ ተቀምጧል፤ ሀቢቡን አይቶ አልወረደም። ሀቢቡ ያኔ አወቀ። ሃሊማ ያረፈችው በመንገድ ላይ፣ ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ ነበር።

እሱን ጠብቀው ጀናዛዋን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩ።

ለቅሶ ላይ ከድሮ ከእሱ ርቆ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰው ሲቀንስ ጠብቆ፣ «ደህና የሚሄድ መኪና ነበር። ወስደህ አስፈታኸው» አለው።

«አዎ» አለ ሀቢቡ።

ብርሃኑም ከወልቂጤ በአውቶቡስ መጣ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከፈለጉ ሥራውን እጨርሰዋለሁ፣ ካልፈለጉም የገጠምኩትን እነቅለዋለሁ» አለ።

«ንቀለው» አለ ሀቢቡ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፤ «ቀላሉን መርጬ ቢሆን፣ ስንት ሰዓት ላይ ከወልቂጤ እነሳ ነበር?»

ብርሃኑ መሬት መሬቱን አየ። «ጋሼ፣ እባክዎ እሱን አይጠይቁኝ።»

ብቻውን ግቢ ወርዶ የገጠመውን ነቀለና፣ ምሳ ሳይቀምስ ሄደ።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ሀቢቡና ሩፋይዳ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ልጅቱ ዓይኑን ትሸሸዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ አስቀመጣት።

«የመጨረሻውን ንገሪኝ። ምንም አትደብቂኝ። መኪናው ለምን ዘገየ አለች?»

«ስለ መኪናው አልጠየቀችም።» ሩፋይዳ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። «‹አባትሽ መጣ?› ነው ያለችው። እየመጣ ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠየቀችኝ። አጎቴ ባጃጁን ይዞ ሲደርስ አልነሳም አለች።»

«አልነሳም አለች?»

«‹እሱ ሳይመጣ አልሄድም፤ መጥቶ ቢያጣኝ ይደነግጣል› አለች። ለመንናት። አጎቴ በመጨረሻ በግድ ነው ያነሳት። ብዙ ዘገየን፣ አባ። እኔ ነኝ ‹እየመጣ ነው› ያልኳት። እንደዚያ ባልላት ኖሮ...»

ሀቢቡ ክንዷን ያዛት። «እኔ ነኝ በያት ያልኩሽ» አለ። በቀብሩም በለቅሶውም ሰው ፊት ያላለቀሰው ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሩፋይዳ አባቷ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ግራ ገባት። ተነስታ ጎረቤት እንዳያየው በሩን ገፋ አደረገችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። መብራት ያበራ አልነበረም።