የረቡዕዋ ትከብዳለች ወይስ የቅዳሜዋ?

1 አግድም

«አልጻፍኩበትም!»

«ማን ጻፉበት አለዎት?»

«ታዲያ መነጽርዎን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጋዜጣውን የሚመረምሩት ምን ፍለጋ ነው?»

«ስንት ደቂቃ ፈጀብዎት ነው ያልኩት፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። ደቂቃ!»

«ኧረ ደቂቃ ነው እንዴ? ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው!»

አቶ እርገጤ የቅዳሜዋን ጋዜጣ እንደ ሕፃን ልጅ ብድግ አድርገው አዩዋት። «ይቺ? ሁለት ሰዓት? እኔ እኮ በሃያ ደቂቃ ነው የምሸኛት።»

ጠቡ እንዲህ ተጀመረ።

ጠብ ካላችሁት።

1 ቁልቁል

አንባቢ ሆይ፣ ቆሞ ማንበብ ይደክማል፤ መጀመሪያ መቀመጫ እንፈልግ።

ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጉልላት ላስቲክ ዘርግቶ ጋዜጣ ይሸጣል፤ ያከራያልም። ከኋላው በግንቡ ጥግ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ መመለስ ነው። ለኪራይ የሚያወጣው ከየጋዜጣው አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ወረፋ አለ። ሕግም አለ፤ ሕጉ ካርቶን ላይ ተጽፏል፦

አይቀደድም።

አይታጠፍም።

አይጻፍበትም።

አቶ እርገጤ ሠላሳ ዓመት የባቡር ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ባቡሩ ቆመ፤ የኪሳቸው ሰዓት ግን እምቢ አለች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ደግሞ ልብስ ስፌት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁለቱም ፖለቲካውንም ኳሱንም ዘለው በቀጥታ የሚሄዱት ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። እዚያ ጥቁርና ነጭ ሣጥኖች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ አግድምና ቁልቁል የተደረደሩ፣ እንደ ቅኔ ጠምዘዝ ያሉ ጥያቄዎች።

ለምሳሌ፦ እግር ሳይኖረው ከተማውን ያዳርሳል። ሁለት ፊደል።

ወሬ።

አያችሁ፣ ይሄ ቀላሉ ነው። እነሱ የሚጣሉት በከባዱ ነው።

2 አግድም

ከአቶ እርገጤ ደብተር የተገለበጠ፦

የረቡዕዋ፦ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። 1 ሰዓት ከ42። 1 ሰዓት ከ51 (ዝናብ ነበር)።
የቅዳሜዋ፦ 19 ደቂቃ። 22 ደቂቃ። 17 ደቂቃ (ጥርሴን እያመመኝ)።
ፍርድ፦ የረቡዕዋ ትከብዳለች።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ደብተር የላቸውም። ሲጠየቁ ያሉት ይህን ነው፦

የረቡዕዋ፦ «ቁልፍ መትከል ናት።»
የቅዳሜዋ፦ «ኮት ናት። ያውም ገበር ያላት።»
ፍርድ፦ የቅዳሜዋ ትከብዳለች።

ዓመት ሙሉ በዚህ ተከራከሩ። ጉልላት እንኳ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እትዬ፣ ወይ ተጋቡ ወይ ተካሰሱ» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል።

2 ቁልቁል (የግርጌ ማስታወሻ፣ ግርጌ መድረስ አቅቶት እዚህ የቀረ)

ረቡዕ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቅዳሴ አስቀድሰው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ጋዜጣዋን መጀመሪያ የሚይዙት አቶ እርገጤ ናቸው። ቅዳሜ አቶ እርገጤ የእድር ጸሐፊ ስለሆኑ አርፍደው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚይዙት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናቸው።

ይሄን ነገር ሁለቱም ያውቁታል። ነገሬ ያለው ግን የለም።

3 አግድም

ነገሩ በወሬ ቢቀር ጥሩ ነበር። አቶ እርገጤ ግን ደብዳቤ ጻፉ።

«ለተከበራችሁ የቅዳሜ ጋዜጣ አዘጋጆች። የእናንተን አግድም ቁልቁል ዶሮዬም ትፈታዋለች። ከረቡዕዋ ተማሩ።»

አቶ እርገጤ ዶሮ የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅ።

3 ቁልቁል

ቅዳሜ መጣ። የእድሩ ስብሰባ ተሰርዞ ስለነበር አቶ እርገጤ በጠዋቱ ደርሰው የቅዳሜዋን መጀመሪያ ያዙ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሲደርሱ ቦታቸው ተይዟል።

«ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?»

«ይቀመጡ፣ ሃያ ደቂቃ ናት።»

ሃያ።

አርባ።

ባርኔጣ ወለቀ።

ስልሳ።

አቶ እርገጤ ከድንጋይ ድንጋይ ተዘዋወሩ። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ፤ ነሷት፤ እንደገና ሰጡ። በሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃቸው ከአንዱ ጥያቄ በቀር ሁሉንም ጨረሱ። በጭንቅላታቸው ማለቴ ነው፤ ሕግ አለ።

«አከበዷት!» ብለው ጮኹ። «ደብዳቤዬ ደርሷቸዋል! ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ሥራዬን ይዩልኝ!»

4 አግድም

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጋዜጣውን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት፣ አቶ እርገጤ ወደ ሣጥኖቹ ሲጣደፉ የዘለሉትን ነው። ከሣጥኖቹ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፦

«አንድ አንባቢያችን "ዶሮዬም ትፈታዋለች" ስላሉን፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይህ ገጽ ለማስታወቂያ ይውላል። የለም፣ ከብዶኛል የሚል ካለ እስከ ዛሬ ቀን ሰባት ሰዓት ይደውልልን።»

ቀና አሉ።

«አቶ እርገጤ።»

«አቤት።»

«ዶሮዎ ደህና ናት?»

አቶ እርገጤ ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበቡት። ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ሲሉ ፈገግታቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ…»

«ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ሳምንቱን የምገፋው ቅዳሜ አለች እያልኩ ነው። አሁን ቅዳሜ ምን ላድርግ? የሲሚንቶ ማስታወቂያ ላንብብ?»



4 ቁልቁል

ሆኖም ሴትዮዋ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። «የመጨረሻዬ ከሆነችማ በወጉ ልሸኛት» ብለው ሌባ ጣታቸውን ሣጥኖቹ ላይ አስኬዱ። አቶ እርገጤ ከልማድ ብዛት ሰዓታቸውን አወጡ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ።

አሥራ ስምንት! ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸው የነበሩት ሴትዮ!

«ምን ነካት ይቺ ጋዜጣ?» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ራሳቸው ተገርመው። «ቁልፍ መትከል ሆነችልኝ እኮ። አንዷ ብቻ እምቢ አለች፤ አሥራ አራት አግድም።»

አቶ እርገጤ ክው አሉ።

«ለእኔም እምቢ ያለችኝ እሷው ነች።»

ተያዩ። ከዚያ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው፣ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረጉት።

በየሣጥኑ፣ ቀለም የሌለው ፊደል ብልጭ አለ። ተጭኖ የተጻፈ። ጥርት ያለ። ከአሥራ አራት አግድም በስተቀር።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

አቶ እርገጤ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «ቀለሙ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው! አይጻፍበትም ተባለ እንጂ አይጫንበትም አልተባለም! ሳልጭር አላስብም እኔ፣ ምን ላድርግ?»

«ጉድ!» ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሳቅ ወደቁ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን አነሡ፤ ጥፍሩ እንደ ብዕር ጫፍ ሾል ያለ ነው። «እኔም እኮ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አስምሬ አላውቅም። በጥፍሬ ነው የማሰምረው። እዚህም…»

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

5 አግድም

እስቲ ቀስ ብለን እንየው፤ አቶ እርገጤም ያዩት ቀስ ብለው ነው።

ረቡዕ እሳቸው ይለፋሉ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ኋላ መጥተው ጣታቸውን በእሳቸው ቦይ ላይ ያስኬዳሉ፤ ዓይናቸው ሳያውቅ ጣታቸው ያውቃል።

ቅዳሜ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይለፋሉ። አቶ እርገጤ ደግሞ በእስክሪብቷቸው ይከተላሉ።

ስለዚህ ያ የዓመት ደብተር የጋዜጣዎቹን ክብደት አልመዘነም።

የመዘነው ወረፋውን ነው።

እና ለዚህ ደብተር ሲባል ቅዳሜ ልትሞት ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ።

«ለሰባት አሥራ አንድ ጉዳይ!»

5 ቁልቁል

ጉልላት ሕጉ መጣሱን ሰምቶ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ «ስልክህን!» ብለው ሁለቱም ሲጮኹበት አፉን ዘግቶ ስልኩን አውጥቶ የጋዜጣውን ቁጥር መታ። ተከራዮቹ ሁሉ ከየድንጋያቸው ተነሡ። ስፖርት የሚያነበው ሳይቀር መጣ።

ተያዘ።

እንደገና ተያዘ።

«ለሰባት አራት!»

ጠራ! ድምፁን ከፍ አደረጉት።

6 አግድም (የስልኩ ንግግር፣ ቆመው ከሰሙት እንደተሰበሰበ)

ሴት ድምፅ፦ ሃሎ፣ የቅዳሜ ጋዜጣ ነው።

አቶ እርገጤ፦ ከብዶኛል!

ሴት ድምፅ፦ ምኑ?

አቶ እርገጤ፦ አግድም ቁልቁሉ! ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ፈጅቶብኛል! እንዳትዘጉት!

ሴት ድምፅ፦ በስመ አብ፣ ቀስ ይበሉ አባባ። ለዚህ ጉዳይ የደወለ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ማን ልበል?

(ስፖርት አንባቢው እንኳ ትንፋሹን ዋጠ።)

አቶ እርገጤ፦ …እርገጤ።

ሴት ድምፅ፦ አቶ እርገጤ? ባለዶሮው?

አቶ እርገጤ፦ ዶሮ የለኝም።

ሴት ድምፅ፦ ገባኝ። እንግዲህ አለቃዬ «ከብዶኛል ያለ ሁሉ የከበደውን ይናገር፤ እውነት ከባድ ከሆነ እናስቀጥላለን» ብለዋል። የትኛው ነው እስከ አሁን ያልተፈታልዎት?

አቶ እርገጤ ሠላሳ ዓመት ባቡር አላስረፈዱም። ያልቻሉትን ነገር በሰው ፊት ተናግረውም አያውቁም። ወይዘሮ ዘነበወርቅን አዩ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ያዙላቸው።

አቶ እርገጤ፦ አሥራ አራት አግድም። «ሌሊት ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤ ድምፁን የሚያወጣው ግን አይሰማውም።» ስድስት ፊደል። ሦስተኛዋ ኮ ነች።

□ □ ኮ □ □ □

ሴት ድምፅ፦ ይቺን ነው ያቃተዎት?

አቶ እርገጤ፦ ሐሜት ብዬ ነበር። አልሞላም።

ሴት ድምፅ፦ እዚያ አጠገብዎ የሚረዳዎት ሰው የለም?

አቶ እርገጤ፦ ወይዘሮ ዘነበወርቅ አሉ። ከእኔ ይበልጣሉ። እሳቸውንም አቅቷቸዋል።

(ከወዲያ በኩል እስክሪብቶ ሲቀመጥ ተሰማ።)

ሴት ድምፅ፦ አባባ… ሌሊት ጎሸም አድርጎ «ዞር በሉ» የሚላችሁ የለም? ሁለታችሁም ብቻችሁን ነው እንዴ የምትኖሩት?