ከዚህች ሣጥን እንዳይወጣ

የዘመንፈስቅዱስ ላፕቶፕ ተጭኖ እስኪከፈት አንድ ሰው ውዳሴ ማርያሙን ደግሞ ይጨርሳል። ማጋነን አይደለም፤ ራሱ ሞክሮታል። ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ የገዛው ነው፤ ማጠፊያው ላልቶ በፕላስተር የታሰረ፣ ባትሪው የሞተ፣ ሁለት ፊደል የጎደለው ጉድ። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሰው አቤቱታ ሲጽፍበት ይውላል። ባለጉዳዩ ያዛጋል፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ያቃስታል።

ታዲያ ለምን አይጥለውም? እንዴት ይጥለዋል! ውስጡ የኔታ አካለ ወልድ አሉበት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቅኔ፣ የኔታ ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉት፣ ብራና ያልነካው፣ ወረቀት ያላየው፣ በራሳቸው ድምፅ ተቀርጾ ተቀምጧል። ዘመንፈስቅዱስ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር፣ እግራቸው ሥር ሰባት ዓመት የተቀመጠ ተማሪያቸው ነው። ከተማ ከገባም በኋላ ሁለት ክረምት እየተመላለሰ፣ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት በረጅም ገመድ መብራት እየሳበ፣ ላፕቶፑን ከመደባቸው ላይ አስቀምጦ ቀረጻቸው።

የኔታ እንዲሁ አልተቀረጹለትም። ቀደም ሲል አንድ ተማሪያቸው አርባ ቅኔ ከእሳቸው ተቀብሎ አዲስ አበባ ገባና በገዛ ስሙ አሳትሞ ሸጠው። ያን ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ስለዚህ መምህርም ቄስም ናቸውና መስቀላቸውን ከላፕቶፑ ላይ ጭነው፣ "እኔ በሕይወት ሳለሁ ይህ ቃል ከዚህች ሣጥን እንዳይወጣ! በሰው እጅም ቢሆን፣ በራስህ እጅም ቢሆን፣ ወደ ሌላ ሣጥን እንዳይሻገር! ብታሻግር በሥልጣነ ክህነት ገዝቼሃለሁ" አሉት። ቀጥለውም ለስለስ ብለው፣ "ስሞት ግን ለሁሉም አካፍል" አሉት። እሱም ቀላል መስሎት አሜን አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ማሽኑ ጭራሽ እንቢ አለ። ዘመንፈስቅዱስም አቅፎ ወደ ይታያል ወሰደው። ይታያል መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ምላሱ ስለት፣ እጁ ወርቅ የሆነ ጎልማሳ ነው።

"ራሟ አንድ ጊጋ ብቻ ናት! በዚህች ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርከው? በሬ ያለ ሣር ማረስ ማለት እኮ ነው" አለው ጀርባውን እየፈታ። አሮጌዋን ነቅሎ ባለ አራት ጊጋ ሰካበት። አበራው፤ ትንሽ ፈጠነ። ዘመንፈስቅዱስ ፊቱ ፈካ። ይታያል ግን ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠጋ።

"ስማ" አለው።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

"ምንድን ነው?"

"ሃርድ ዲስኩ ነው። እየሞተ ነው። የምታነበዋ መርፌ ሳህኑን መንካት ጀምራለች።" ወዲያው አጠፋው። "አይዞህ፣ አዲስ ሃርድ ዲስክ አለኝ። ያለህን ሁሉ ልገልብጥልህና አዲሱን ልግጠምልህ። ከሰዓት በኋላ ትወስደዋለህ።"

"አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"ግዝት አለብኝ። ወደ ሌላ ዕቃ አይሻገርም።"

ይታያል ሊስቅ ጀመረና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። "እንግዲያው እኔ ልውጣልህ። በሩን ዘግተህ ራስህ ገልብጠው።"

"በእጄም አይሆንም ተብዬአለሁ።"

"ዲስኩ እኮ አያውቅም፣ ወንድሜ!"

"እኔ አውቃለሁ።"

ይታያል መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "እሺ፣ ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳታበራው። ከእንግዲህ ቢነሣ አንድ ጊዜ ነው። እሷን አንዲት ጊዜ ለመገልበጥ አኑራት። ሂድ፣ ተፈታና ና። አዲሱን ሃርድ ዲስክ ለማንም አልሸጠውም።"

ዘመንፈስቅዱስ ቤቱ ገብቶ በቃሉ የሚያውቀውን ቅኔ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ! የድሮ ተማሪ አንዷን ቅኔ በልቡ እስኪያትማት ሌሊቱን ሲያመላልሳት ያድር ነበር። እሱም ድሮ እንዲያ ያድር ነበር። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን "ተቀርጿል፤ የትም አይሄድም" እያለ ተኛ። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርትም ተበትነዋል፤ ገሚሱ ሹፌር ሆነ፣ ገሚሱ ነጋዴ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ሊሄድ ሲሰናዳ ስልኩ ጮኸ። የየኔታ እህት፣ እማሆይ ጤናዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ድረስ። የኔታ ከወደቁ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው ሞቷል። አንደበታቸውም ተይዟል" አሉት እያለቀሱ።

ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሚኒባስ ተጓዘ። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር በሁለት እጁ ያነሣዋል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣበት። "እኔ በሕይወት ሳለሁ ነው ያሉት። እስክደርስ ቢያርፉ ግዝቱ በራሱ ያልቃል።" እፎይ የሚል ስሜት ደረቱን ሞላው። እፎይታውን ባወቀው ጊዜ ደግሞ በራሱ ላይ መትፋት አማረው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ያጎረሱት፣ ሲታመም ያስታመሙት፣ ስሙን ያወጡለት ሰው ናቸው! "ምን ዓይነት አውሬ ነኝ?" አለ ድምፁን አውጥቶ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ሸሸት አለችው።

ሲደርስ የኔታ በሕይወት አሉ። መደባቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ያ ጉባኤ የሚያናውጥ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። እማሆይ ጤናዬ በራስጌያቸው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሰንበት በግርጌያቸው ተቀምጠዋል። ዘመንፈስቅዱስ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ሁሉንም አስረዳቸው፤ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን፣ ካልተገለበጠ ሁሉም እንደሚጠፋ፣ ግዝቱን እንዲፈቱለት።

የኔታ አዩት፤ ራሳቸውን ግን አልነቀነቁም።

"አባ፣ እርስዎ ይፍቱኝ" አለ ወደ አስተዳዳሪው ዞሮ።

"የገዘቱት በሕይወት እያሉ? እኔ ማነኝና!" አሉ አባ ወልደ ሰንበት። "ደግሞ ልንገርህ፤ ዘመንፈስቅዱስ ቅኔውን ሸጦታል የሚል ወሬ እዚህ ደርሷል። እሳቸውም ሰምተዋል።"

ያን ጊዜ የኔታ ግራ እጃቸውን አነሡ። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ፣ ቀጥለው ወደ ጆሯቸው አመለከቱ። አሰማኝ ነው የሚሉት። ካለ አሰማኝ።

ዘመንፈስቅዱስ ላፕቶፑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። "የኔታ፣ እማልድዎታለሁ፣ ይህ ነገር ከእንግዲህ የሚነሣው አንዴ ብቻ ነው። አሁን ከተከፈተ ላይመለስ ይችላል። ሁሉም አለ፤ በማርያም አልነካሁትም!"

የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በጤናማው ዓይናቸው ጥግ እንባ ወረደ፤ ያ የፊተኛው ተማሪ የሠራባቸውን ይህም የደገመባቸው መስሏቸዋል።

ዘመንፈስቅዱስ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ላፕቶፑን ሳይነካ ሁለት ሦስት ቀን ቢጠብቅ፣ የኔታ ያርፋሉ፣ ግዝቱ ያልቃል፣ ይታያል ይገለብጣል፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ይተርፋሉ። ጥበብ ያ ነበር። ግን የኔታ ተማሪዬ ሌባ ነው ብለው እያሰቡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሞታሉ። ይህንን አልቻለም። ብትፈርዱበት ፍረዱበት፤ አልቻለም!

ገመዱን ከጽሕፈት ቤቱ ስቦ አመጣና ሰካው። የገመዱ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ቁልፉን ተጫነው። ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ግን ተከፈተ፤ አዲሷ ራም ትመስገንና ፈጥኖ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ቅኔ ነካ።

የየኔታ ድምፅ ቤቱን ሞላው። የዛሬው አይደለም፤ ያ የጥንቱ፣ ሳል የማይገባበት፣ ከደጀ ሰላም እስከ ወንዙ የሚሰማው ድምፅ። እማሆይ ጤናዬ "ወይኔ ወንድሜ!" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የኔታ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። የሞተው ከንፈራቸው ሊከተል ታገለ፤ ግራ እጃቸው ዜማውን እየመታች መደቡን ነካካች። ቅኔው ሲያልቅ ዘመንፈስቅዱስን በዓይናቸው ጠሩት። ጎንበስ ሲል ግራ እጃቸውን ከራሱ ላይ አሳርፈው፣ በአውራ ጣታቸው ግንባሩ ላይ መስቀል ሠሩለት።

"ፈቱህ!" አሉ አባ ወልደ ሰንበት ቆመው። "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ፤ ተፈትተሃል!"

ሁለተኛዋ ቅኔ ጀምራ ነበር። ከመካከሏ አንድ ቃል ተደጋገመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀረ። ከውስጥ የብረት መፋቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የላፕቶፑ መስተዋት ጠቆረ።

የኔታ ምነው በሚል ዓይን አዩት።

"መብራት ሄደ፣ የኔታ" አለ ዘመንፈስቅዱስ። ድምፁ ከየት እንደመጣለት አያውቅም። "እዚህ አገር መብራት ያው ነው። ሁሉም አለ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አሉ።"

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያ የተጣመመ አፋቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ። የገመዱ ትንሿ መብራት ግን አረንጓዴ እንደሆነች በርታለች። እማሆይ ጤናዬ እሷን አዩ፣ ዘመንፈስቅዱስን አዩ። ጎንበስ ብለው ገመዱን ነቀሉት።

ዘመንፈስቅዱስ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ፣ ይታያል ዲስኩን ፈትቶ አንዴ አናወጠውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዘመንፈስቅዱስ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ያሳየው ሌላ ባለሙያም ሳህኑ መፋቁን ነገረው፤ ከአመድ ላይ ጽሑፍ አይነበብም አለው። አዲሱ ሃርድ ዲስክ ተገጠመ። አሁን ላፕቶፑ አባታችን ሆይ ሳይባል ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

የኔታ በወደቁ በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ሲያርፉ ፊታቸው የሰላም ነበር ይላሉ።

በአርባው ተዝካር ላይ የተበተኑት ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ ተሰበሰቡ፤ ሹፌሩም ነጋዴውም መጣ። ከጸሎት በኋላ አባ ወልደ ሰንበት ተነሥተው፣ "የኔታ አልሞቱም!" አሉ። "ቃላቸው በዘመንፈስቅዱስ እጅ አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግዝቱም አልቋል። ዛሬ ለሁሉም ያካፍላል።" ሕዝቡ እልል አለ። ደቀ መዛሙርቱ ፍላሻቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ከበቡት።

ዘመንፈስቅዱስ ብድግ አለ። ጠፋ ቢል እንዴት ጠፋ ይሉታል። ተከፈተና ጠፋ ቢል ለምን ከፈትከው ይሉታል። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የኔታ አላመኑኝም፣ ካልሰማሁ አሉ፣ ያን ሁሉ መምህራን ያቆዩትን ነገር እሳቸው በመጨረሻ ቀናቸው አጠፉት። መቃብራቸው ገና አልደረቀም። እማሆይ ጤናዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አያቸውና፣ በዓይኑ ተማጠናቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አልሰጥም" አለ ዘመንፈስቅዱስ።

"ምን አልክ?" አሉ አባ ወልደ ሰንበት።

"አለኝ፤ ግን አልሰጥም።"

ጩኸቱ ያኔ ተነሣ። ንፉግ አሉት፣ ሌባ አሉት፣ ሊቸበችበው ነው አሉት። ሹፌር የሆነው ባልንጀራው፣ አንድ ጎጆ አብሮት ያደገው፣ ቀርቦ ከእግሩ ሥር ተፋ። "የኔታ ሲጠረጥሩህ ልክ ነበሩ ለካ!" አለው።

"አዎ" አለ ዘመንፈስቅዱስ፤ "ልክ ነበሩ።"