ቦታ እያለ

«አቁም እስቲ ልጄ፣ ቦታ አለ እኮ» አሉ ጋሽ ጀላሉ፣ የባጃጅ ነጂውን ትከሻ በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ።

ኣስፋሃ ፍሬን ያዘ። ሁሪያ አንገቷን አውጥታ ብታይ፣ አንዲት አሮጊት በለስ የሞላ ባልዲያቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘዋል። ሴትዮዋ ባጃጅ አልጠሩም፤ እጃቸውንም አላነሱም። ጉዳዩን ከሩቅ አይተው የወሰኑላቸው የሁሪያ አባት ጋሽ ጀላሉ ናቸው።

«ኣቦይ፣ ኮንትራት እኮ ነው» አለ ኣስፋሃ፤ አማርኛው ውስጥ ትግርኛው እየተሰማ። «ሓፍተይ፣ እህቴ ናት የያዘችው። ሌላ ሰው አይጫንም።»

«ኮንትራት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለብቻ ማለት ነው አባዬ» አለች ሁሪያ። «እኔና አንተ ብቻ።»

ጋሽ ጀላሉ ባዶውን መቀመጫ አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። በዚህ አስተያየት ፊት ሁሪያ ከልጅነቷ ጀምሮ መከራከር አይሆንላትም። ተጠጋች። ሴትዮዋ እየመረቁ ገቡ፤ ባልዲውም እግሯ ስር ተሸጎጠ። አዲስ ቀሚሷን የበለስ እሾህ እንዳይነካባት ጉልበቷን ሰብስባ ተቀመጠች።

ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከቤተ መንግሥቱ በር ሲነሱ አንዲት ተማሪ፣ ከገበያው ሲወጡ የአልጋ እግር የተሸከመ አናጺ። ሁሪያ ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር አባቷ አንድ ሰው ያሳፍራሉ።

የምትናገረው ነገር ደግሞ ቀላል አልነበረም። ጋሽ ጀላሉ ከወሎ፣ ከሐይቅ፣ ሊጠይቋት ከመጡ ሳምንታቸው ነው፤ ነገ ጠዋት ይመለሳሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ታንኳቸው ተገልብጦ ውሃ ውስጥ ወድቀው እንደነበር ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። መቀሌ ካሉት ሁለት ክፍሎቿ አንዱን አጸዳች፣ አልጋ ገዛች፣ ከራስጌው መስገጃ አስቀመጠች። ለአባቷ ግን የእንግዳ ክፍል ነው አለቻቸው። ዛሬ የመጋረጃ ሱቋን ዘግታ ባጃጅ የያዘችው ከተማውን አሳይታ፣ ልባቸው ሲለሰልስ፣ «እዚህ ቅር» ልትላቸው ነው።

ከተማውን ማሳየቱስ ተሳክቷል። ቤተ መንግሥቱን ከአጥሩ ውጭ አይተውታል። ሐውልቱን ዞረውታል። ገበያ ገብተው ጋሽ ጀላሉ አሞሌ ጨው በእጃቸው መዝነዋል። ከዚያ ወደ ቁሓ ወጥተው ከዳገቱ ላይ ከተማውን ቁልቁል ተመለከቱ፤ አውሮፕላን ሲያርፍም አዩ። ጋሽ ጀላሉ ለሁሉም «ማሻአላህ» አሉ። ለቤተ መንግሥቱ ያሉትና ለአውሮፕላኑ ያሉት በድምፅ እንኳ አይለይም ነበር። ሁሪያ ዳገቱ ላይ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚያ ከቆመ ጎሚስታ ጋር ስለ መኪና ጎማ ወሬ ጀምረው ቀኑ አለፈ።

በነገሩ ልትገረም አይገባትም። ጋሽ ጀላሉ ሐይቅን ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ በታንኳ ሲያዞሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሙሽሮች «ለብቻችን» ብለው ታንኳዋን ቢከራዩም፣ ማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ካለ መቅዘፊያቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። ስንቱ ሙሽራ ከገበያተኛ ፍየል ጋር ፎቶ እንደተነሳ አላህ ይወቀው። እናቷ በሕይወት ሳለች በዚህ ስትስቅባቸው ነበር የምትኖረው።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ጨርሶ ከተማ ሲገባ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጋሽ ጀላሉ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ አዛውንት አይተው እንደገና አስቆሙ። የኋላው መቀመጫ ስለሞላ እሳቸው ወርደው ከኣስፋሃ ጎን በግማሽ መቀመጫ ተንጠለጠሉ። አዛውንቱ ገብረሃንስ እባላለሁ አሉ፤ ከሕክምና መመለሳቸው ነው። በጉልምስናቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠርተው ስለነበር አማርኛቸው ወሎ ወሎ ይላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው ስለ ቦርከና ወንዝ ሲያወሩ ዝናቡ መጣ።

የመቀሌ ዝናብ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ይቀጠቅጣል። የሁሪያ ሱቅ ካለበት ሮማናት አደባባይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መንገዱ ወንዝ ሆነ። ቡናማው ጎርፍ ነጠላ ጫማ፣ ካርቶን፣ የማንጎ ልጣጭ እየገፋ ይወርዳል። ባጃጁ መሀል ላይ ሳል ሳል አለና ሞተሩ ጠፋ። ኣስፋሃ የጎኑን ሸራ አወረደ።

«ውሃውን ፊት ለፊት አትጋፋው፤ በጎን ስጠው» አሉት ጋሽ ጀላሉ። ከጠዋት ጀምሮ ፊታቸው እንዲህ በርቶ አያውቅም።

ኣስፋሃ እየሳቀ መሪውን አጠፈ። ሞተሩ ግን አልተነሳም። አምስት ሆነው በሸራ ተከልለው፣ ጎርፉ ከስራቸው እያለፈ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ።

ገብረሃንስ ጨዋታውን ቀጠሉ። «እንግዲህ ጋሽ ጀላሉ፣ ቀዘፋው በቃኝ ብለው ልጅዎ ጋ ጠቅልለው መጡ ማለት ነው?»

«የለም፣ ነገ እመለሳለሁ።»

«አይመለስም» አለች ሁሪያ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሁሪያ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አንዴ ወጥቷል። አባቷን ማየት ስላልቻለች ፊቷን ወደ ገብረሃንስ አዞረች።

«ክፍል አዘጋጅቼለታለሁ። እናቴ ከሞተች ብቻውን ነው። አምና ታንኳው ተገልብጦ መሀል ሐይቅ ቀርቶ ነበር። ሞቶ ቢሆን እኔ የምሰማው መቼ ነው? እርስዎ እንኳ ይንገሩልኝ፣ እኔን አይሰማኝም።»

የበለሷ ሴትዮ ምን እንደተባለ በትግርኛ ጠየቁ። ኣስፋሃ ዞሮ ተቀምጦ፣ እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ድምፁን አስተካክሎ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሁሪያ አፈረች። ይህንን ሁሉ ለመሸሽ ነበር ባጃጁን ለብቻዋ የያዘችው።

ጋሽ ጀላሉ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ዋኝቼ ወጣሁ ብዬሽ ነበር አይደል፣ በስልክ?»

«አዎ።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ትንሽ ዋኘሁ፣ ከዚያ አቃተኝ። ስለዚህ ተጣራሁ።» እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እንዴት እንደተጣሩ አሳዩ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። «ስንት ዘመን እነሱ ማዶ ሆነው ሲጣሩ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን እኔ ተጣራሁ፣ እነሱ ሰሙኝ። ከየአቅጣጫው ታንኳ መጣ። ያገር ሰው ተጋፍቶ ነው ያወጣኝ። አብሽሪ ሁሪዬ፣ እዚያ ብቻዬን አይደለሁም።»

ሁሪያ ይህን ሁሉ ጊዜ በሐሳቧ የምታየው ባዶ ሐይቅና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

«እኔን ያሳሰበኝስ አንቺ ነሽ» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳምንቱን ሙሉ አብሬሽ ስወጣ ስገባ፣ አንድ ሰው በስምሽ ሲጠራሽ አልሰማሁም።»

ሁሪያ በመጀመሪያ ተናደደች፤ በሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ወዲያው ደግሞ ንዴቷ ከዳት። እውነት ነው። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ሐሜት ፈርታ ሰው መቅረብ ትታለች። ከቤት ወደ ሱቅ በኣስፋሃ ባጃጅ በኮንትራት ትሄዳለች፣ ከሱቅ ወደ ቤት በኮንትራት ትመለሳለች። ደንበኞቿ «ባለ መጋረጃዋ» ይሏታል። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ኣስፋሃ ይህንንም ተረጎመ፤ በዚህኛው ግን ድምፁን ቀነስ አድርጎ። አሮጊቷ ከመቀነታቸው ትንሽ ቢላ አወጡ። አንድ በለስ ጫፍና ጫፉን ቆርጠው ልጣጩን በአንድ ጊዜ ገፈፉና ለሁሪያ አቀበሏት።

«ብልዒ ጓለይ» አሉ። ብዪ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከዚያ እየጠቆሙ ብዙ ነገር ተናገሩ። ሁሪያ ትግርኛው አይጠፋትም፤ ግን ጆሮዋን አላመነችም። ኣስፋሃን አየችው።

«ዋእ» አለ ኣስፋሃ ተገርሞ። «ሱቅሽን ያውቁታል። ክረምት ክረምት በርሽ ፊት ለፊት ነው በለስ የሚሸጡት። ስምሽን ዛሬ ገና ሰማሁ እያሉ ነው። እሳቸው ለተኪሮስ ይባላሉ።»

ሁሪያ አሮጊቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ያን ባልዲ አሁን አወቀችው፤ በሰማያዊ ገመድ የታሰረ እጀታውን በየክረምቱ በመስታወቷ በኩል ስታየው ኖራለች። ከባልዲው በላይ ቀና ብላ ማየት ግን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«ኣደይ ለተኪሮስ» አለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ በለሱን እየጎረሰች። ጣፋጭ ነበር። ገብረሃንስ ለኛስ የለም ወይ ብለው ተቆጡ፤ ባልዲው ከእጅ እጅ ዞረ። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወርደው ባጃጁን ከጎርፉ ገፉት። ሁሪያም አዲስ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገፋች፤ አባቷም ከኋላ ሆነው በየት በኩል እንደሚገፋ ያዝዙ ነበር።

ያን ማታ የአባቷን ትኬት የቆረጠችው እሷ ራሷ ናት። ጋሽ ጀላሉ ያዘጋጀችላቸውን ክፍል ደግመው አይተው፣ አልጋውን እንዳታነሺው፣ ለዒድ እመጣለሁ አሏት። ቃል ሲገቡ እንደማያጥፉ ስለምታውቅ በሰላም ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ጋሽ ጀላሉ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሕፃን ያዘለች ሴት ከአሁኑ ተዋውቀዋል። ሁሪያ እየሳቀች እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ኣስፋሃ በሩ ላይ ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃታል።

«ሱቅ ነው ሓፍተይ? እንደ ሁሌው ኮንትራት?»

መናኸሪያው በር ላይ ዕቃቸውን የያዙ ሰዎች ባጃጅ እየጠበቁ ቆመዋል። ሁሪያ ገብታ ጥጉን ያዘች፤ ቦርሳዋንም ከመቀመጫው አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አይ» አለችው። «ሮማናት እያልክ ጥራ፤ ቦታ አለ እኮ።»