በቀትር የተተከለው ቲማቲም

ሠላሳ ዓመት ረጅም መንገድ የነዳው ሹፌር ጡረታ ከወጣ ወዲህም አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ሚስቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል በገባችበት ቀን ደግሞ ጭራሽ መሬት አልበቃው አለ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ነርሷ ታከታትና፣ «አባቴ፣ ገና አራት ሰዓት ይፈጃል። ቤት ደርሰው ይምጡ፤ እንደውልልዎታለን» ብላ ሸኘችው።

ቤት ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ መልሶ አነሳው። ቴሌቪዥን ከፈተ፣ ዘጋ። በመጨረሻ ጓሮ ወጣ። ሚስቱ ከአምስት ሳምንት በፊት የዘራችው ቲማቲም ተነቅሎ ለመተከል ደርሷል። «ተመልሼ እኔው እተክለዋለሁ። አንተ ውሃ ብቻ አጠጣ፣ እንዳትነካካው» ብላዋለች። እጁ ግን አላርፍ አለው። ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ዶማ አነሳ።

ፀሐይ አናት ላይ ናት። ቆፈረ፣ ችግኙን እየነቀለ ተከለ። ሃያ ሲሞላ ስልኩን አየ። አርባ ሲሞላ አየ። ዝም።

«ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር ይተከላል እንዴ? ፀሐይ ሲበርድ ነው እንጂ» አለች ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ።

ዞር ቢል ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ክው አለ። «ምን ላድርግ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ የሚስቱን ነገር ታውቃለች። ቤቷ ገብታ የጨርቅ ቁርጥራጭ ታቅፋ ወደ ጓሮው መጣች። እንጨት ተክለው፣ አበባማውንም ባለመስመሩንም ወጥረው ጥላ አበጁ። «አሁን ውሃ። ቀስ ብለው፣ ከሥሩ።»

ስልኩ ሲጠራ እጁ ጭቃ ነበር። እሷው ከኪሱ አውጥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። «በሰላም ወጥታለች» አለች ነርሷ። እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

ሚስቱ በስምንተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ሳትቀመጥ ጓሮውን አየች። ከተከላቸው ስልሳ ችግኞች ሃያ ሁለቱ ደርቀዋል።

«ማን ንካ አለህ?»

«እጄ ነው።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ። በል ወንበር አምጣልኝ፤ በባዶው ቦታ ጎመን ትዘራለህ፣ እኔ እያየሁ።»

ዘሩን በሁለት ጣቱ እየቆነጠረ ሲዘራ፣ በየመሐሉ ቀና እያለ ያያታል።

«እኔ የትም አልሄድም» አለችው። «ዘሩን አታክምረው።»

ጎመኑ በአምስተኛው ቀን በቀለ። እሱ አሁንም በቀን አሥር ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ጎመኑን፣ አንዴ እሷን ሊያይ።