ጀሪካን ላይ የተቀመጠችው ምራት

መብራት የሚሄደው አጥብቀው ሲፈልጉት ነው። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጫፍ በደረሱበት ከሰዓት፣ በዝናብ መሀል ድርግም አለ።

እንቁላሎቹ የምራቲቱ ናቸው። አማቷ ያወጡላት ስም ግትሯ ነው፤ አንዴ እምቢ ካለች በሬ ጠምደው ቢጎትቷት ንቅንቅ አትልም። ጓዳ ባለው፣ በመብራት በሚሞቀው መፈልፈያ ሳጥን ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ስትጠብቃቸው ከርማለች። ባለፈው ጊዜ መብራት ሄዶ ሁሉም ቅርፊታቸው ውስጥ ሞተውባታል። ጄኔሬተሩን ያስገዛትም ያ ሐዘን ነው።

"ዝናብ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ አስገባው" አሉ አሮጊቷ አማት ልጃቸውን፣ የግትሯን ባል። እሱም ታዛዥ ነኝ ብሎ የጄኔሬተሩን እጀታ ጨበጠ።

"ንካውና እንተያያለን!" አለች ግትሯ። "ጭሱ አንቆ አይገድልም፤ አስተኝቶ ነው።"

"መስኮት እንከፍታለና!"

"መስኮት አይበቃውም እማማ። እንዲያውም ይዘጋ።"

ግቢው ጥግ፣ ከቤቱ ርቆ፣ ራሷ በአራት ቋሚ ላይ በመታችው ቆርቆሮ ስር አስነሳችው። ዙሪያው ክፍት ነው፤ ጭስ ማውጫው ለቤቱ ጀርባውን ሰጥቷል። ወፍራሙን የኤሌክትሪክ ገመድ እየጎተተች በስብሳ ገባች። እጇን ሳታደርቅ ግን ሶኬት አልነካችም።

"ለብረት ቤት ሠራችለት!" አሉ አሮጊቷ አፋቸውን አጣመው።

ጉዱ የመጣው ቤንዚኑ ሲያልቅ ነው። አንዱ እንቁላል ስንጥቅ ሲል አሮጊቷ በዓይናቸው አይተዋል። ልጁ አጥሩ ስር ወዳለው የቤንዚን ጀሪካን ሲሮጥ ግትሯ ቀድማው ቁጭ አለችበት።

"ተነሺ እንጂ ሴትዮ! እየቀዘቀዙልሽ ነው!"

"ሞተሩም ይቀዝቀዝ። ቤንዚን የጋለ ብረት ላይ ጠብ ቢል የምትጠበሰው አንተ ነህ።"

"አንቺ ልጅ፣ አያሳዝኑሽም?" አሉ አሮጊቷ ከበር ላይ።

ግትሯ ዓይኗን ወደ ጓዳው ላከች። መቀመጫዋ ግን እዚያው ነው፣ ዝናቡ ላይ።

አሮጊቷ በዕድሜያቸው ለንብረቱ ሲል ሰው ገፍቶ ገደል የሚከት ብዙ አይተዋል። ንብረቷ ሊሞት እያጣጣረ ለባሏ ቆዳ ብላ የምትቀመጥ ግን አላዩም። "ይሄ ልጄ እቺን የት አባቱ አገኛት!" አሉ በሆዳቸው። እግዜር ለቂልም ይሰጠዋል።

ገብተው ማንም እንዳይነካው የሚቆጡለትን ብርድ ልብሳቸውን ከአልጋቸው ገፈፉና ሳጥኑን ጠቀለሉት።

"የአየር ቀዳዳውን እንዳይሸፍኑት እማማ!" ጮኸች ከውጭ።

"እናውቃለን! አንቺ ብቻ ነሽ አዋቂ?" አሉ፤ ቶሎ ብለው ገለጥ እያደረጉት።

ብረቱ በረደ። ግትሯ በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው፤ ቤንዚኑን በማንቆርቆሪያ ቀዳች፤ የፈሰሰውን ጠረገች፤ ጀሪካኑን ቦታው መልሳ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበች። ሞተሩ ጮኸ።

ሦስቱም ሳጥኑ ላይ አጎነበሱ። ፀጥ። አሮጊቷ ስለት ሊሳሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከውስጥ "ጲው" አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መንጫጫት። ዝም ብለው የቀሩም ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው።

ግትሯ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች፤ አሁን ገና አለቀሰች።

"ክዳኑን ልክፈተውና ልያቸው?" አለ ልጁ እጁን ሰዶ።

"ንካውና እንተያያለን!" አሉት እናቱ።